ስታብላይዘሩና የቀለጠው ክሊፕ፦ የሦስተኛ ወር ማስታወሻ

ባለፈው ኦሲሎስኮፔ (የቮልትን ሞገድ በስክሪን የሚያሳየው መለኪያ) ይነዝረኛል ብዬ ነበር። ምክንያቱ ተገኘ፤ ሁለት እግር ባለው ዲቫይደር ነበር የምሰካው። ኧርዝ (በሦስተኛው እግር ወደ መሬት የሚወርደው መስመር) ሲጠፋ ውስጡ ያሉት የፊልተር ካፓሲተሮች ቦዲውን 110 ቮልት አካባቢ ያደርሱታል። ሦስት እግር ባለው እንድሰካ ግቢ ውስጥ የኧርዝ ዘንግ አስቀበርኩ። አሁን ክረምት ስለሆነ የደሴ መሬት ርሶ በደንብ ያስተላልፋል፤ በጋ ላይ ሲደርቅ ደግሜ አስለካለሁ። መንዘሩ ግን ቀረ።

ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

የቲቪ ፓወር ሰፕላይ ከፈትኩና የፕሮቡን (የኦሲሎስኮፑ መለኪያ ሽቦ) ጥቁር ክሊፕ ትልቁ ካፓሲተር ኔጌቲቭ ላይ ያዝኩት። ዷ! ብሬከሩ ወረደ፣ የክሊፑ ጥርስ ቀለጠ፣ ሁለት ዳዮድ ሄደ። እናቴ ከጀበናዋ ቀና ብላ «አንተ ልጅ፣ ቤቱን ልታቃጥለው ነው?» አለችኝ።

ክሊፑ እንደ መልቲሜትር ጥቁር ሽቦ መስሎኝ ነበር። መልቲሜትር በባትሪ ስለሚሠራ ከምንም ጋር አልታሰረም። የኦሲሎስኮፕ ክሊፕ ግን በቦዲውና በሦስተኛው እግር በኩል ቀጥታ ኧርዝ ነው። ያ ኔጌቲቭ ደግሞ ግራውንድ የሚባለው በስም ነው፤ በዳዮዱ በኩል ፌዝ (የሚነዝረው የመብራት መስመር) ላይ ይደርሳል። እኔ ሁለቱን አጋባኋቸው።

ያናደደኝ ቲቪውን በስታብላይዘር መሰካቴ ነው። ውስጡ ትራንስፎርመር ስላለ ከመብራት መስመሩ ይለየዋል ብዬ ተማምኜ ነበር። ፒያሳ ለሚሠሩ አንድ ጠጋኝ ጋሼ ስነግራቸው ሳቁብኝ። «ነቅለህ ለካው» አሉኝ። የመግቢያውንና የመውጫውን ኒውትራል በመልቲሜትር ስነካ ጢጥ አለ፤ ተገናኝተዋል ማለት ነው። የቤት ስታብላይዘር አብዛኛው አውቶትራንስፎርመር ነው፤ መግቢያና መውጫው አንድ ጥቅል ይጋራሉ። ሴሪ አምፖልም (ለመከላከያ መስመሩ መሃል የሚገባው አምፖል) ከረንት ይቀንሳል እንጂ አይለይም።

ቲቪውን ከመስመሩ ለመለየት ለጊዜው ከ220 ወደ 12 የሚያወርዱ ሁለት እኩል ትራንስፎርመሮች በ12ቱ በኩል አገናኘሁ፤ አንዱ ያወርዳል፣ ሌላው መልሶ ያወጣል። የሚወጣው ቮልት ትንሽ ይወርዳል፣ ጉልበቱም ትንሽ ነው። ቀላል ጭነት ለመፈተሽ ግን ይበቃኛል። ክሊፑ ከተያዘ በኋላ ግን ያ ነጥብ ኧርዝ ሆነ ማለት ነው። በሌላ እጅ ፖዘቲቩን ብትነኩ 300 ቮልት ገደማ ያገኛችኋል፣ ብሬከሩም አይወርድላችሁም። እኔ ግራ እጄን ኪሴ ከትቼ ነው የምለካው።

የኦሲሎስኮፑን ሦስተኛ እግር ቁረጠው ያላችሁኝ ልጆች፣ ይቅርባችሁ። ያኔ ቦዲው ራሱ ፌዝ ይሆናል፣ እጃችን ደግሞ ቁልፎቹ ላይ ነው። ዲፈረንሻል ፕሮብ (ኧርዝ ሳይነካ በሁለት ነጥብ መካከል ያለውን ልዩነት የሚለካ) እስክገዛ ክሊፖቹን አውልቄ በሁለት ቻናል እለካለሁ፤ ከአንዱ ሌላውን መቀነስ ነው። ሁለቱም ፕሮቦች 10X (ቮልቱን በአሥር የሚያካፍለው ማብሪያ) ላይ መሆን አለባቸው። ትናንት አንዱን ረስቼው ግማሽ ሰዓት የሌለ ብልሽት ስፈልግ ዋልኩ።