ክትፎ፣ ነጠላ እና የሰው ካሜራ

የአክስቴ የልጅ ልጅ ክርስትና ነበር። ሴት ናትና በ80ኛ ቀኗ። «ለፎቶ አንሺ ምን ብር ያስወጣል፣ እሱ አለ አይደል» ተባለ። እሱ ማለት እኔ ነኝ። በሠርግ ቀረጻ የሚተዳደር ጓደኛዬን ለምኜ ካሜራውን ከነ50 ሚሊሜትር ሌንሱ ወሰድኩ። «መስታወቱን እንዳትነካብኝ» አለኝ።

እኔማ አልነካሁትም። የነካው ክትፎ በልቶ እጁን ያልታጠበ የ4 ዓመት ልጅ ነው። «ይሄ ምንድነው?» ብሎ አውራ ጣቱን መሃሉ ላይ አተመው። የቀበሌ ማኅተም እንኳ እንዲህ ጥርት ብሎ አያርፍም።

እፍ አልኩበትና በሸሚዜ ጫፍ አሸት አሸት። ቅቤው ሊለቅ ነው ስል ጭራሽ ተንሰራፋ። አክስቴ የነጠላዋን ጫፍ አቀበለችኝ፤ ከቤተክርስቲያን እስከ ቤት የመንገዱን አቧራ ስትጠርግ የመጣች ነጠላ ናት። ስፈትግ ሲጥ ሲጥ የሚል ነገር ሰማሁ መሰለኝ፣ ግን እንዳልሰማ አለፍኩ። በመጨረሻ አክስቴ «ምን ትታገላለህ፣ አረቄ አድርግበት! ቁስል የሚያጸዳ ቅቤ ያቅተዋል?» አለች። እውነቷን ነው ብዬ ከመለኪያዬ ጠብ አደረግኩበት። በቀጥታ መስታወቱ ላይ። በጠርዙ በኩል ወደ ውስጥ ሲሰርግ በዓይኔ በብረቱ አየሁት።

ከዚያ በኋላ ያነሳሁት ሰው ሁሉ የሐምሌ እንጦጦ ላይ የቆመ ነው የሚመስለው። ቄሱም፣ ድፎ ዳቦውም ጭጋግ። አክስቴ ብቻ የፊቷ መስመር ስለጠፋ አንዱን በትልቁ አሳጥበህ አምጣ ብላኛለች።

ሰኞ ጠዋት ፒያሳ፣ ካሜራ የሚጠግኑ አንድ አዛውንት ጋ ሄድኩ። ሌንሱን አየት አድርገው እኔን ረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ ከመሳቢያቸው ምን ቢያወጡ ጥሩ ነው? የሕፃን ንፍጥ መሳቢያ ጎማ!

«መጀመሪያ አቧራው ይነፋል» አሉ ጎማውን ጨመቅ ጨመቅ እያደረጉ። «በአፍ አይደለም፣ ምራቅ አለው። አቧራ ውስጥ አሸዋ አለ ልጄ፤ ሳታራግፍ ካሸኸው ነጠላህ የብርጭቆ ወረቀት ነው።» ቀጥሎ በለስላሳ ብሩሽ ጠረጉት። ከዚያ የሌንስ ማጽጃ ፈሳሽ፣ አንድ ጠብታ ብቻ፣ እሱም መስታወቱ ላይ ሳይሆን ማይክሮፋይበር ጨርቁ ላይ። ከመሃል ጀምረው እያዞሩ ወደ ዳር፣ ሕፃን እንደሚያጥብ ሰው። ያ ሐምራዊና አረንጓዴ እየመሰለ የሚያብረቀርቀው ሽፋን ለካ ከፀጉር በመቶ እጥፍ በላይ የሳሳ ነው። እኔ ደግሞ እንደ ብረት ድስት ፈተግኩት።

ፊት ለፊቱ ላይ ቀጭን ጭረት ቀርታለች። ፎቶ ላይ አትታይም አሉኝ፤ ጭጋጉ የቅቤው ሥራ ነው። ጭረቱ በኋላኛው መስታወት ቢሆን ኖሮ ግን ጉድህ ፈልቶ ነበር አሉ። ወደ ውስጥ የሰረገውን ለማድረቅ ፈትተው ሲገጥሙ ዋሉ። ሒሳቡን አልነግራችሁም።

ማታ ካሜራውን ለባለቤቱ መለስኩ። እያገላበጠ አየው። ምንም አላለም። ተንፈስ ልል ስል ሌንሱን ወደ አፍንጫው አስጠጋና ቀና ብሎ አየኝ።

«ካሜራዬን የት ስታስመሸው ነው የከረምከው?»