እህቴ አላለቀሰችም

ትናንት ማታ ከደሴ ገባሁ። የእማዬን ሙት ዓመት አስበን ነው የተመለስኩት። እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ሆዴ ውስጥ የከረመውን ነገር ልጻፈው። ስለ እማዬ አይደለም። ስለ ታናሽ እህቴ ነው።

አምና "እናትሽ ትንሽ ጠንቶባታል፣ ነይ" ብለው ሲደውሉልኝ ገብቶኝ ነበር። እኛ አገር ማንም በስልክ "ሞተች" አይልም። ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጣርማ በርን፣ ሸዋ ሮቢትን፣ ከሚሴን፣ ኮምቦልቻን አልፈን ያን ዳገት እስክንጨርስ ድረስ ምናልባት እውነትም ታማ ብቻ ይሆናል እያልኩ ከራሴ ጋር ስሟገት ነበር። ሰፈር ስንደርስ ድንኳኑን አየሁት።

ከዚያ በኋላ ያለውን በደንብ አላስታውስም። ጮህኩ። መሬት ላይ ወደቅሁ። ደረቴን ስመታ ሴቶቹ እጄን ያዙኝ። "በቃሽ" የሚሉ ነበሩ፣ "ተዉአት፣ እርሟን ታውጣ" የሚሉም ነበሩ። እህቴ ከጓሮ በኩል መጣች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች። አቀፈችኝ፣ ከዚያ ወደ ታች አየችና "ጫማሽን አውልቂው፣ እግርሽ አብጧል" አለችኝ። ዓይኗ ደረቅ ነበር።

ቀብሩ ላይም ደረቅ ነበር። እስከ ሠልስት ቀንና ሌሊት ስትሯሯጥ አየኋት፤ ንፍሮ ትቀቅላለች፣ የቅሬውን ወንበርና ብርጭቆ ትቆጥራለች (አዲስ አበባ እድር የምትሉት እኛ ጋ ቅሬ ነው)፣ ከሩቅ የመጣውን ዘመድ ማን ቤት እንደሚያድር ትደለድላለች። ሴቶቹ ሲንሾካሾኩ ሰማሁ። "ይህችኛዋስ ምን ዓይነት አንጀት ነው የሰጣት?" ያኔ "እህቴን ተዉልኝ" ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። በልቤ "እውነታቸውን ነው" አልኩ።

የአርባዋ ዕለት እንግዳ ከሸኘን በኋላ አፌ አልችል አለኝ። "እማዬ አንቺን ወልዳ ምን አተረፈች? አንዲት ዘለላ እንባ እንኳ?" አልኳት። ዕቃ እያጠበች ነበር። ዞር ብላ አየችኝ፣ ከዚያ ወደ ዕቃዋ ተመለሰች። ከዚያ ቀን በኋላ ለወራት ስንደዋወል የምናወራው ስለ ቤቱ ወረቀትና ስለ ውሃ ክፍያ ብቻ ሆነ።

እማዬን ሦስት ዓመት ያስታመመቻት ማን ሆነና ነው እንዲህ የተናገርኩት? ስኳሯን የምትለካው እሷ፣ ኢንሱሊኑን የምትወጋት እሷ፣ ሌሊት ስኳሯ ወርዶ ላብ ሲያሰምጣት ተነስታ ሻይ በስኳር የምታጠጣት እሷ። እኔ ለፋሲካና ለመስቀል እየመጣሁ ስሜያት እመለስ ነበር። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ያን ጊዜም አውቅ ነበር። ግን እንባዋን ፈለግሁ።

እኔ ያደግሁበት ለቅሶ ጮክ ያለ ነው። አልቃሽ ግጥም ታወርዳለች፣ ሰው ይቀበላል፣ የሟች ደግነት አንድ በአንድ ይነገራል። ይህን አልነቅፍም፣ ያ ጩኸት ባይኖር ኖሮ በዚያ ሳምንት አብድ ነበር። ቄሶቻችን ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች የጻፈውን እየጠቀሱ "ተስፋ እንደሌላቸው አትዘኑ" ይሉናል፣ እኛ ግን ድንኳን ውስጥ ገብተን የማን ዓይን እንደቀላ፣ የማን እንዳልቀላ እናያለን። እኔም አየሁ። የሰው እንባ ስመዝን የነበርኩት በገዛ እናቴ ለቅሶ ላይ ነው።

ከወራት በኋላ ስለ ኀዘን ሳነብ ኬኔት ዶካና ቴሪ ማርቲን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የጻፉትን አገኘሁ። አንዳንዱ ሰው ኀዘኑን በስሜት ያወጣዋል፣ ያለቅሳል፣ ያወራል፤ ሌላው በሐሳብና በሥራ ያልፈዋል፤ ብዙዎቻችን ደግሞ በሁለቱ መሃል ነን ይላሉ። ደስ አለኝ። በቃ የእሷ ለቅሶ ንፍሮው ነበር ማለት ነው ብዬ ይቅር ልላት ተዘጋጀሁ። ይቅር ባይዋ እኔ ሆኜ! ያም ሆኖ ልቤ አላረፈም፤ ቢያንስ ብቻዋን ስትሆን ታለቅስ ይሆናል፣ እስቲ ላረጋግጥ አልኩ።

በግድግዳ የምንዋሰናቸው ጎረቤታችን ሙስሊም ናቸው። ሁለታችንንም ያሳደጉን እሳቸውና እማዬ ናቸው ብል አላጋነንኩም። ሙት ዓመቱ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ለዝግጅት ወረድኩና ቤታቸው ሄጄ ቡና እየጠጣን ጠየቅኋቸው።

"እማማ፣ አንቱ ቅርብ ነዎት። ማታ ማታ ስታለቅስ ሰምተዋት ያውቃሉ?"

"አልሰማሁም" አሉኝ። ትንሽ ቆዩና "ሰምቻለሁ ብልሽ ልትታረቂያት ነው?" አሉ።

መልስ አጣሁ።

"ባሌ የሞተ ጊዜ እኔም አልጮህኩም" አሉ ሲኒዬን እየተቀበሉኝ። "እንባ ሐራም ሆኖ አይደለም፣ ነቢያችንም ልጃቸው ኢብራሂም ሲሞት አንብተዋል። ጩኸቱ ነው የሚጠላው። ሰው ግን ብዙ አወራብኝ። እናትሽ መጣች፣ አጠገቤ ቁጭ አለች፣ ለምን አላለቀስሽም ብላ አልጠየቀችኝም። ማህፀን ዥንጉርጉር ነው የኔ ልጅ። አንቺን ጯሂ አድርጎ፣ እሷን ዝምተኛ አድርጎ አወጣችሁ።"

"ልትታረቂያት ነው?" የሚለው ጥያቄያቸው እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። የምታለቅስ ከሆነ እወዳታለሁ፣ ካላለቀሰች አልወዳትም ማለቴ ነበር ለካ። በድብቅም ቢሆን እኔን እንድትመስለኝ ነበር የፈለግሁት።

ደግሞ እኮ እኔ የደሴ ልጅ ነኝ። እኛ ቤት ድግስ ሲኖር ሁልጊዜም ሁለት በግ ይታረዳል፣ አንዱ በእኛ ሰው፣ አንዱ በእነሱ ሰው። ድስቱ ለየብቻ፣ ወጥ ሠሪዋ ለየብቻ። እነዚህ ሴትዮ በሕይወታቸው ከእማዬ የሥጋ ድስት ቀምሰው አያውቁም፣ እማዬም ከእሳቸው። ግን ስትታመም ከእህቴ ቀጥሎ የምትጠራው እሳቸውን ነበር። ልጅ ሆኜ "ምግባችንን ስላልበሉ አይወዱንም" ብዬ አስቤ አላውቅም። አንድም ቀን። ይህን ያህል ልዩነት ከወተት ጋር ጠጥቼ አድጌ፣ እህቴ በእኔ መንገድ ስላላዘነች ዓመት ሙሉ አኮረፍኳት።

ያን ቀን ማታ ቤት ገብቼ "አርባዋ ላይ ያልኩሽን ይቅር በይኝ" አልኳት። ልብስ እያጣጠፈች ነበር። "እሺ" አለችኝ። የእማዬን አንሶላ አንድ ጫፍ ሰጠችኝና አብረን አጠፍነው። ሌላ ነገር እንድትጨምር ትንሽ ጠበቅሁ፣ እውነቱን ለመናገር። ከዚያ መጠበቄን ተውኩት። "እሺ" ስትል እሺ ማለቷ ነው፣ እህቴ ድሮም ወሬ አታበዛም።

የሙት ዓመቱ ዋዜማ ማታ ጓሮ ተቀምጠን ሽንኩርት ስንከትፍ አመሸን። የደሴን ብርድ ታውቁታላችሁ። እሷ ከእኔ በእጥፍ ትፈጥናለች። መሃል ላይ እማዬ ሽንኩርት ስትከትፍ ዳቦ በአፏ ትይዝ እንደነበር ትዝ አለኝ፣ ዓይን አያቃጥልም ትል ነበር፣ እና ያው መጣብኝ፣ ትከሻዬ እስኪንቀጠቀጥ አለቀስኩ። እህቴ ምንም አላለችም። ቢላዋዬን ከእጄ ወሰደችው፣ የእኔን ሽንኩርት ወደ ራሷ ሳፋ ገለበጠችው፣ ቀጠለች። እኔም አለቀስኩ። ሽንኩርቱ ሲያልቅ ተነስታ ጋቢ አመጣችልኝ።