112 ቀለበት እና አንዲት ድመት

ቅዳሜ ማታ ሦስት ሰዓት አካባቢ የመጨረሻዋን ቀለበት በየድኩ። 112 ቀለበት ያለው የብር ሰንሰለት ነው። አንዷም አልቀለጠችብኝም። (እሺ፣ ሁለት ቀልጠዋል። ግን ተክቻቸዋለሁ።) ሰንሰለቱን በጣቴ አንጠልጥዬ ሰርቪሷ ውስጥ ብቻዬን እስክስታ መታሁ። ውሻዬ ቡቺ ደንግጦ ጮኸ። ድመቴ ውሮ አንድ ዓይኗን ገለጥ አድርጋ አየችኝና መልሳ ተኛች።

ይህን የምጽፈው ለጉራ ነው፣ አልዋሽም። ግን ከስድስት ወር በፊት «ብየዳ አልሆነልኝም፣ ልተወው ነው» ብዬ ግማሾቻችሁን አሰልችቻለሁ። ስለዚህ መጨረሻውን ልንገራችሁ።

መጀመሪያውን ቶሎ ልለፈው። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ቤት ሲያስቀምጠን ጨሌ በክር መሰካት ጀመርኩ። ቀጥሎ ሽቦ ማጠማዘዝ መጣ። ከዚያ ባዛር ላይ ጉትቻ መሸጥ። ከዚያ አንዲት ደንበኛ «ይሄ ነገር ብር ነው?» ስትለኝ አፈርኩ። ብር አልነበረም። በማግስቱ እናቴ የቀለበቷን ወርቅ ያሠራችባቸውን ፒያሳ ያሉ አንጥረኛ ሄጄ ለመንኳቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። ሦስት ጊዜ መለሱኝ፣ በአራተኛው ሞረድ አስያዙኝ። ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ ዕቃቸውን ጠቅልለው ቤታቸው ገቡ። እኔም ከዚያ ወዲህ በራሴ ነኝ። ሲጨንቀኝ ብቻ ዳቦ ይዤ እሄዳለሁ።

የምሠራው በተከራየሁት ግቢ ሰርቪስ ውስጥ ነው። ሦስት በአራት ሜትር ብትሆን ነው። መሥሪያዬ አሮጌ የተማሪ ዴስክ ነው። ፊቱን በግማሽ ጨረቃ ቆርጬ ጭኔ ላይ የቆዳ ሽርጥ እዘረጋለሁ፣ የሚሞረደው ብር እዚያ ይጠራቀማል። ወይም እንዲጠራቀም ነበር ሐሳቤ። ሽርጡን ውሮ አልጋዋ አድርጋዋለች። ማታ ማታ ነጭ ወረቀት ላይ አቁሜ አበጥራታለሁ። ሳቁ። በዓመት ከጀርባዋ ያወጣሁት ብናኝ ቀልጦ ለአንድ የጆሮ ሎቲ በቅቷል።

እንግዲህ ወደ ብየዳው።

925 የምንለው ብር ከ1000 እጅ 925ቱ ብር ነው፣ ቀሪው ብዙውን ጊዜ መዳብ። ንጹሕ ብር የሚቀልጠው በ962 ዲግሪ ነው። 925ቱ ግን 800 አለፍ ሲል መላላት ይጀምራል። ጠንካራው መበየጃ (መጋጠሚያው ላይ ቀልጦ ሁለቱን ጫፎች የሚያያይዘው ቁራጭ) ደግሞ የሚፈሰው 780 አካባቢ ነው። ልዩነቱን አያችሁት? ሃያ ዲግሪ! በዚያች ቀጭን መሐል ገብቶ መውጣት ነው ሥራው። ትልቅ ቀለበት ላይ ጊዜ አለ፣ ታስተውላላችሁ። የሰንሰለት ቀለበት ላይ ግን «አሁን» ብላችሁ ሳትጨርሱ ብሩ እንደ ሰም ተጠቅልሎ ኳስ ይሆናል።

የእኔ ችግር እንዲህ ነበር። መበየጃዋን በወረንጦ መጋጠሚያው ላይ አስቀምጣለሁ። እሳቱን እሷ ላይ አነጣጥራለሁ። እሷ ድብልብል ትልና ቁጭ። አትፈስም። እሳት እጨምራለሁ። አሁንም ቁጭ። ትንሽ ስጨምር ቀለበቱ ይቀልጣል፣ መበየጃዋ ግን እዚያው እንደ ዕንቁ ተቀምጣለች። አንዳንዴ ደግሞ ትፈሳለች፤ ግን ወደ አንዱ ጎን ብቻ፤ መጋጠሚያው ክፍት እንዳለ።

ያልወቀስኩት ነገር የለም። ጋዙን ወቀስኩ። ቶርቹን፣ እሳት የሚተፋውን ዕቃ፣ ወቀስኩና ሌላ ገዛሁ፤ ቀጥሎ ሦስተኛ። መበየጃ የሸጠልኝን ልጅ ተጣላሁት። የአዲስ አበባን ከፍታ ሳይቀር ወቀስኩ። ቪዲዮ ላይ ያሉት ሰዎች በሃያ ሴኮንድ የሚጨርሱት ባሕር ዳርቻ ስለሚኖሩ ነው ብዬ ለእህቴ አስረዳኋት። አመነችኝ።

በመጨረሻ ዳቦዬን ይዤ ጋሼ ቤት ሄድኩ። ተቀምጠው አዩኝ። ሁለት ቀለበት ካቀለጥኩ በኋላ፣

«አንቺ ልጅ፣ መበየጃውን ለምን ታቃጥይዋለሽ? ምን አደረገሽ?» አሉኝ።

«እንዲፈስ ነዋ፣ ጋሼ።»

«ብሩን አሙቂው። እሱ ሙቀቱን ፈልጎ ራሱ ይመጣል።»

ይህን ከዚህ በፊት አላነበብኩም ብል ውሸት ነው። አንብቤዋለሁ፣ ማስታወሻ ደብተሬ ላይም አለ። የገባኝ ግን ቤት ከተመለስኩ በኋላ ነው። ውሮን አይቼ። ጠዋት መስኮቱ ሥር ፀሐይ ያረፈችበት ቦታ ትተኛለች። ፀሐይዋ ስትሄድ አብራ ትሄዳለች። ከሰዓት በኋላ እሳት ያጠፋሁበት ጡብ አጠገብ ናት። ማንም አልጠራትም። እኔ ስጠራት እንዲያውም አትመጣም። መበየጃ ማለት ውሮ ናት። ብታባብላት አትንቀሳቀስም፣ ሞቅ ያለ ቦታ ካዘጋጀህላት ግን ሳታይ ደርሳለች።

ከዚያ ወዲህ እሳቱን መጋጠሚያው ላይ አላሳርፍም። ከጀርባ እጀምራለሁ፤ ቀለበቱን በሙሉ በክብ አዞራለሁ፤ ሁለቱ ጫፎች እኩል ሲግሉ ብቻ ወደ መጋጠሚያው ጠጋ እላለሁ። እኩል ካልጋሉ መበየጃው የሞቀው ጫፍ ላይ ብቻ ይወጣል። ያ «ወደ አንድ ጎን ፈሰሰብኝ» እያልኩ ስረግምበት የነበረው ምሥጢር ይኸው ነው።

ይህን ካወቅኩ በኋላ በማግስቱ ተሳካልኝ ብዬ ልጽፍ ነበር። አልተሳካልኝም። ሌላ ሦስት ሳምንት ወሰደ፣ ምክንያቱም ሌሎቹ ስንፍናዎቼ ወረፋ ይዘው ነበር።

አንደኛው መጋጠሚያ ነው። መበየጃ ክፍተት አይሞላም። አይሞላም! ቀለበቱን ወደ መብራት አንሡትና እዩት፣ ብርሃን ካለፈ መልሳችሁ ግጠሙት። እኔ «እሳቱ ይዘጋዋል» እያልኩ አልፍ ነበር። እሳት ምንም አይዘጋም። ሌላው ቆሻሻ ነው። የጣት ቅባት፣ የሞረድ ዱቄት፣ እና በእኔ ቤት የድመት ፀጉር። አንድ ፀጉር ቦራክሱ (መበየጃው እንዲፈስ መጋጠሚያው ላይ የሚቀባው) ውስጥ ገብቶ ሲቃጠል ጥላሸቱ መጋጠሚያው ላይ ይቀራል፣ መበየጃው እዚያ ሲደርስ ይመለሳል። አሁን የቦራክሱ ዕቃ ክዳን አለው።

ቦራክሱ ራሱ ደግሞ ጉደኛ ነው። ሲሞቅ ያብጣል፣ እንደ ፈንዲሻ ይነፋል፣ መበየጃዋን ተሸክሞ ይጥላታል። ስንቷን መሬት ላይ በጉልበቴ ስፈልግ አመሸሁ መሰላችሁ! መፍትሔው ትዕግሥት ነው፤ ትዕግሥት ደግሞ እኔ ዘንድ የለም። ከሩቅ በለሆሳስ አሙቁት፣ ውሃው ይውጣ። ካበጠ በኋላ ይተኛል። ከዚያ እንደ መስታወት ይጠራል። መበየጃዋ ከቦታዋ ከተንሸራተተች በወረንጦ መልሷት። ቦራክሱ ከጠራ በኋላ ሩቅ አይደላችሁም። መብራቱን አጥፉ፤ የብሩ ቅላት በጨለማ ነው የሚታየው። መበየጃው ሲፈስ በመጋጠሚያው ላይ ብልጭ የምትል ቀጭን መስመር ትሮጣለች። ያኔ እሳቱን አንሡ። «ለማንኛውም ትንሽ ልጨምር» ያልኩባቸው ሁሉ ኳስ ሆነዋል።

የምበይደው ከሰል ላይ ነው። ሙቀቱን ወደ ብሩ ይመልሰዋል። ለዚህ የተዘጋጀ የውጭ ከሰል ይሸጣል፣ እኔ ግን ከሰፈር ጆንያ ውስጥ ወፍራሙን መርጬ ሲሚንቶ ላይ ፈግፍጌ አስተካክለዋለሁ። እንዳይፈነዳ ዙሪያውን በሽቦ አስራለሁ። የከሰል ሻጯ ለቡና የምገዛው ይመስላታል፣ ከሰሉን እያነሣሁ ስመርጥ በጣም ትታዘበኛለች።

ለሰንሰለት ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ግማሾቹን ለየብቻ በይዱ። ከዚያ ሁለት የተዘጉትን በአንድ ክፍት አገናኙ፣ ሦስት ሆነ። ሁለት ሦስቶችን በአንድ፣ ሰባት ሆነ። እንዲህ እያለ ያድጋል። የጎረቤቱ ብየዳ እንዳይፈታ ቀይ አፈር በውሃ በጥብጬ በብሩሽ እቀባዋለሁ። መበየጃ ቆሻሻ አይወድም ብዬ የለ? ጠባዩን ለጥቅሜ አዋልኩት።

አሁን አንዳንዶቻችሁን የሚያናድድ አስተያየት ልስጥ። «ብየዳን በመዳብ ተለማመዱ» የሚባለውን ምክር አልወደውም። ለመጋዝና ለሞረድ መዳብ ጥሩ ነው፤ ርካሽ ነው፤ አይቆጭም። ለብየዳ ግን ጠባዩ ሌላ ነው። ከብር በጣም ዘግይቶ ስለሚቀልጥ እሳት ማብዛት ያስለምዳችኋል። እኔ ስድስት ወር በኤሌክትሪክ ሽቦ ተለማምጄ ወደ ብር ስሄድ ያበላሸኝ ያ እጅ ነው። በቁርጥራጭ ብር ተለማመዱ። ቢቀልጥ ብር ነው፤ መልሳችሁ ትሠሩታላችሁ። ሌላ ደግሞ፣ ምንነቱ ያልተጻፈበት መበየጃ አትግዙ። ቶሎ የሚቀልጡ አንዳንዶቹ ካድሚየም የሚባል መርዛማ ብረት አለባቸው፤ ጭሱ ሳንባ ይጎዳል። መስኮት ክፈቱ፣ እንስሶቹንም አስወጡ። (ውሮን ማስወጣት ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል።)

ጠገራ ብር አቅልጡ የሚሏችሁንም አትስሙ። እኔ ሰምቼ የእናቴን የተሰበረ አምባር አቀለጥኩ፤ ከጠገራ የተሠራ ነው ተብሎ ነበር። ጠገራ ብር ከ1000 እጅ 833ቱ ብቻ ነው ብር፣ ሌላው መዳብ። መዳቡ በእሳት ጊዜ ከቆዳው ሥር እየጠቆረ እንደ ማድያት ያለ ጥላ አወጣ። ሁለት ቀን በብርጭቆ ወረቀት ፈተግኩት። እናቴ እስከ ዛሬ «አምባሬስ?» ትለኛለች። እየተሠራ ነው እላለሁ።

ከብየዳ በኋላ ያለው ቀላል ነው። ሲትሪክ አሲድ በሙቅ ውሃ፣ ብሩ ነጭ እስኪሆን። የብረት ወረንጦ አትንከሩበት፣ ብራችሁ ሁሉ የመዳብ ቀለም ይለብሳል። እኔ የቀርከሃ ነው የምጠቀመው። ዕቃውን ክደኑት፤ ውሮ ከራሷ ሳህን ይልቅ የኔን መጠጣት ትመርጣለች።

ኦፓል ያለበትን ሥራ ግን እዚያ አትክተቱ። የወሎ ኦፓል፣ የደላንታው፣ ውሃ ይመጥጣል። አንዱን ረስቼ ከእነ ጉትቻው ጨመርኩት። ያ የሚያበራው ቀለም ጠፍቶ እንደ ብርጭቆ ሆነ። ሲደርቅ ተመለሰ፣ ግን ትንሽ ቢጫ ይዞ። ደንበኛዋ «እንዲያውም ሞቅ ያለ ነው» አለችኝ። ዝም አልኩ። ይኸው እዚህ ተናዘዝኩ።

የቡቺንም ልናዘዝ። ብር ለማጥቆር ኬሚካል መግዛት አልፈለግኩም። የተቀቀለ እንቁላል በትኩሱ ፈርፍራችሁ ከብሩ ጋር ላስቲክ ውስጥ ከዘጋችሁት በድኙ ያጠቁረዋል። ይሠራል። እኔ ላስቲኩን ዴስኩ ላይ ትቼ በር ልከፍት ወጣሁ። ስመለስ ላስቲኩ ተቀዷል፣ ቡቺ አፉን ይልሳል፣ ከስድስት የብር ፍሬ አምስት ቀርቷል። የእንስሳት ሐኪም ጋ ደወልኩ። ሹል ነገር አለው ወይ አለኝ፤ የለውም፣ ድቡልቡል ነው አልኩ። ጠብቂ፣ ካስታወከ ወይም ምግብ እምቢ ካለ አምጪው አለኝ። ሁለት ቀን ጓንት አድርጌ ግቢውን ዞርኩ። አከራዬ በመስኮት ሆነው «ምን ጠፋሽ ልጄ?» ይላሉ። ምን ልበላቸው?

ተገኘ። ታጠበ፤ ተቀቀለ። ከስድስቱም በደንብ የጠቆረው እሱ ነው። አልሸጥኩትም፤ የቡቺ ማሰሪያ ላይ ተንጠልጥሏል።

ሰንሰለቱን ትናንት ለጋሼ ወሰድኩላቸው። ዓይናቸው ደክሟል። ወደ ብርሃን እንኳ አላነሡትም። በአውራ ጣትና በሌባ ጣታቸው ይዘው እንደ መቁጠሪያ ቀስ እያሉ አሳለፉት። እኔ ትንፋሼን ይዤ እቆጥራለሁ። ሠላሳ፣ ሃምሳ፣ ሰባ። ሰባ አራተኛዋ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ይቺ» አሉ።

አወቅኳት። ማክሰኞ ማታ እንቅልፍ ይዞኝ የበየድኳት ናት። ክፍተት ነበራት፤ ሁለት መበየጃ ደራርቤ፣ ሞርጄ፣ ወልውዬ ደበቅኳት። በዓይን ማንም አያያትም።

«ቤት ሄደሽ ቁረጫት» ብለው ዳቦውን ቆረሱ።

ዛሬ ጠዋት ቆረጥኳት። አዲሷ ቀለበት ዴስኩ ላይ ናት፤ ከሰሉም ተዘጋጅቷል። ውሮ ግን ሽርጡ ላይ ተኝታለች። እስክትነሣ እየጠበቅኩ ነው ይህን የጻፍኩት።