ለጨጓራ ቀዶ ሕክምና ስዘጋጅ ያንገበገበኝ ኢንሹራንሱ ነው

ስሊቭ የሚባለውን የጨጓራ ቀዶ ሕክምና ካደረግሁ ቆየሁ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ስለ ኦፕራሲዮኑ ራሱ ብዙ የምለው የለኝም። አስተኙኝ፣ ነቃሁ፣ በማግስቱ ቤቴ ገባሁ። ጉዱ ያለው ከዚያ በፊት ነው። አንድ ሰው ቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ ያን ሁሉ ጊዜ አልንገበገብም ነበር። ለሚቀጥለው ሰው ልንገር ብዬ ነው የምጽፈው።

ለማያውቅ በአጭሩ። በስሊቭ ከጨጓራ 75 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው ተቆርጦ ይወጣል። የሚቀረው ሙዝ የመሰለ ቀጭን ቱቦ ነው። ረሃብን የሚቀሰቅሰው ግሬሊን የሚባለው ሆርሞን በብዛት የሚመነጨው ከሚቆረጠው ክፍል ስለሆነ የምግብ ፍላጎትም አብሮ ይቀንሳል። ባይፓስ የሚባለው ሌላ ነው፤ እሱ አንጀትንም ይነካል። እኔ ስኳርም ደም ግፊትም ስለነበረብኝ ሐኪሜ ሁለቱንም አስረድቶኝ ስሊቭን መረጥኩ።

ማን ይፈቀድለታል ለሚለው፣ እዚህ አገር ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የኖረው የ1991 መስፈርት ነው። ቢኤምአይ (ክብደት ከቁመት ጋር ተነጻጽሮ የሚወጣው ቁጥር) 40 እና ከዚያ በላይ፣ ወይም 35 እና ከዚያ በላይ ሆኖ እንደ ስኳር ያለ ከባድ በሽታ ያለበት ሰው ማለት ነው። በ2022 የአሜሪካውና የዓለም አቀፉ የዘርፉ ሐኪሞች ማኅበራት ይህን አሻሽለው 35 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ሁሉ፣ እንደ ስኳር ያለ በሽታ ካለ ደግሞ ከ30 ጀምሮ እንዲታሰብ መከሩ። የእኔ ኢንሹራንስ ግን የ2022ቱን ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ በድሮው ነው የሚሄደው። ስለዚህ ሐኪምሽ “ብቁ ነሽ” ስላለሽ ብቻ አትጨፍሪ።

የተለመደው ምርመራ አይከብድም። ደም ይወሰዳል። ልብ ይታያል። እንቅልፍ ላይ ትንፋሽ ይቆራረጥ እንደሆነ አንድ ሌሊት ይለካል። ሳይኮሎጂስት ታያለሽ፤ አትፍሪ፣ እብድ ነሽ ሊሉሽ አይደለም። በጉሮሮ ካሜራ አስገብተው ጨጓራ ያያሉ። እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የጨጓራ ባክቴሪያው ይገኝብናል፤ አገር ቤት በጣም የተለመደ ነው። አንቲባዮቲክ ተወስዶ ካለቀ በኋላ መጥፋቱን ለማረጋገጥ ቢያንስ 4 ሳምንት መጠበቅ ስላለበት፣ ይህን ምርመራ መጨረሻ ላይ ሳይሆን መጀመሪያ ላይ አስደርጊ። እኔ ዕድለኛ ሆኜ ቀድሜ ነበር ያደረግሁት። አስተርጓሚ ካስፈለገሽ ሆስፒታሉ በነፃ ያቀርብልሻል፤ መብትሽ ነው። ልጅሽን ይዘሽ እንዳትሄጂ። ስለ ጓዳሽ ሁሉ ነው የሚጠየቀው።

አሁን ስለረዱኝ ሴቶች።

እኛ ጋ ስትወፍሪ “ተመችቶሻል” ትባያለሽ። ስትከሺ ደግሞ “ምን ነካት?” ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ አንድ ትልቅ ሴት በጥቂት ወራት ውስጥ ግማሽ ሆኑ። ሰው ሁሉ በሹክሹክታ ያዝንላቸው ነበር። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መኪና ማቆሚያው ላይ ደርሼባቸው፣ “እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ኦፕራሲዮን አድርገው ነው?” አልኳቸው። ከት ብለው ሳቁ። “እሰይ! አንድ እንኳን ደፍሮ የሚጠይቅ ተገኘ። ሌላው ካንሰር ነው ብሎ ሲያለቅስልኝ ነው የከረመው” አሉኝ። ቅዳሜ ቤታቸው ቡና ጠሩኝ። ስሄድ ሌሎችም ሴቶች አሉ። ያደረጉም፣ ሊያደርጉ የተዘጋጁም። ሁሉም በድብቅ።

ሆስፒታሉም የራሱ የድጋፍ ስብሰባ አለው። በወር አንዴ፣ በቪዲዮ። ስለ ቫይታሚን ጥሩ ነገር ይነገርበታል። ግን እዚያ እንጀራ የሚበላ ሰው የለም። “ፓስታውን ቀንሱ” ይሉናል። የእኔ ሐሳብ፣ ግቢ፣ መገኘትሽን ያስመዝግቡልሽ፣ ዕውቀቱን ግን ከራስሽ ሰዎች ፈልጊ። ነርሷ ይህን ብታነብ አትወደውም።

እትዬ ቤት የተማርኩትን ዳይቲሽያኗ፣ ማለትም የአመጋገብ ባለሙያዋ ቢሮ አልተማርኩትም። የመጀመሪያው ቀን የወጥ ቤት ሚዛን አምጥተው አንድ ሙሉ እንጀራ አጥፈው አስቀመጡበት። “ይሄ ያንቺ ምሳ ነው፣ አይደል?” አሉኝ። አይደለም ልል አልቻልኩም፤ ምሳዬ ከዚያም ይበልጣል። ከዚያ መቀስ አንስተው የመዳፌን ያህል ቆረጡ። “ከዓመት በኋላ ይቺ ናት። እሷም ከወጡ በኋላ ነው።” መጀመሪያ ሥጋው፣ ዓሣው፣ እንቁላሉ፣ ምስሩ። በቀን ከ60 እስከ 80 ግራም ፕሮቲን እንድናገኝ ነው የሚጠበቀው፤ በእንጀራ ከጀመርሽ ቦታ አይተርፍሽም። ውኃ ደግሞ ከምግብ ጋር አይጠጣም። ከበላሽ በኋላ ግማሽ ሰዓት ትጠብቂያለሽ።

ጉርሻም ተለማምደናል። የምሬን ነው። ለጠበበ ጨጓራ አንድ የሐበሻ ጉርሻ መከራ ነው፤ ወይ ይታነቃል ወይ ይመለሳል። አንዷ በጣቶቿ ጠቅልላ ወደ አፌ ታመጣና “በሞቴ!” ትላለች። እኔ ሳላስቀይም መሸሽ አለብኝ። በመጨረሻ የተስማማንበት ዘዴ፣ “እጄ ላይ አድርጊልኝ” ብሎ ተቀብሎ፣ አመስግኖ፣ ከሳህኑ ጠርዝ ማስቀመጥ ነው። ሠርግ ላይ ሠርቶልኛል። አክስቴ ጋ አልሠራም።

አሁን ወደ ኢንሹራንሱ።

የእኔ ኢንሹራንስ ከቀዶ ሕክምናው በፊት 6 ተከታታይ ወር በሐኪም ክትትል ክብደት ለመቀነስ መሞከር ግዴታ ነው ይላል። በየወሩ ትሄጃለሽ፣ ትመዘኛለሽ፣ የበላሽውና የተንቀሳቀስሽው ይጻፋል። አንድ ወር ከዘለለ እንደገና ከአንድ ነው። ይህን ግዴታ የአሜሪካው የዘርፉ ሐኪሞች ማኅበር ራሱ በ2016 ባወጣው አቋም በማስረጃ ያልተደገፈ ነው ብሎታል። ማን ይስማዋል።

መሀል ላይ ዓቢይ ጾም ገባ። ጾም ያከሳል የሚል ካለ እኔን ይጠይቀኝ። ዳቦ፣ ሩዝ፣ ድንች፣ የምስር ሳምቡሳ። ሼክ የሚሉት የፕሮቲን መጠጥ ደግሞ ከወተት የተሠራ ነው። ዳይቲሽያኗን ስጠይቃት “ታዲያ ጾሙን ብትተይውስ?” አለችኝ። እንደ ዘበት! ከአተር የተሠራ ፕሮቲን እንዳለ የነገሩኝ የቅዳሜዎቹ ሴቶች ናቸው። ንስሐ አባቴንም ቀደም ብዬ አማከርኩ፤ ለታመመ ሰው መንገድ አለው። ዳይቲሽያንሽን ከማማከርሽ በፊት ንስሐ አባትሽን አማክሪ የምለው ለዚህ ነው።

ስድስቱም ወር አለቀ። ፋይሉ ተላከ። ደብዳቤ መጣ። አልተፈቀደም።

ምክንያቱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ከወራቱ በአንዱ ዳይቲሽያኗ ቢሮ ስላልገባች ክሊኒኩ ራሱ ደውሎ “በቪዲዮ እናድርገው” ብሎኝ ነበር። እኔ አልጠየቅኩም። የቤቴ ሚዛን ላይ ወጥቼ ቁጥሩን አነበብኩላት፣ ጻፈችው። ኢንሹራንሱ ደግሞ ያ ቁጥር በክሊኒክ ስላልተለካ ወሩ አይቆጠርም፣ ወሩ ካልተቆጠረ ተከታታይ አይደለም፣ ስለዚህ ስድስቱም ወር ከንቱ ነው አለ።

ደወልኩ። ሙዚቃ። እንደገና ሙዚቃ። በመጨረሻ አንድ ወጣት አነሳና በጣም በትሕትና “ብስጭትዎ ይገባኛል” አለኝ። ምኑ ነው የሚገባው? የቪዲዮ ቀጠሮ አይቆጠርም የሚለው የት ተጽፏል ብለው “የውስጥ መመሪያ ነው” አለኝ። ላክልኝ ስለው መስመሩ ተቋረጠ። ተቋረጠ ነው የምለው፤ ሰው ክፉ አልልም።

ክሊኒኩ ጋ ሄድኩ። እዚያ ሥራዋ ይሄው የሆነ፣ የኢንሹራንስ ጉዳይ የምትከታተል ሴት አለች። ኮምፒውተሯን እያየች፣ ቀና እንኳን ሳትል፣ “ይቅርታ፣ ከመጀመሪያው እንጀምራለን፤ ለሚቀጥለው ወር ልያዝልሽ?” አለችኝ። ደሜ ፈላ። ስህተቱ የማን ነው? በቪዲዮ ይሁን ያለው ማን ነው? አንዲት ቃል አልመለሰችልኝም። ቀጠሮውን ብቻ በወረቀት ጽፋ ሰጠችኝ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ቀደድኩት።

ቅዳሜ ደብዳቤውን ይዤ እትዬ ቤት ሄድኩ። ከመካከላችን አንዷ የሕክምና ሒሳብ ቢሮ ውስጥ ነው የምትሠራው። ስኒዋን አስቀምጣ ሁለቴ አነበበችውና “እንዳትጀምሪ” አለችኝ። “እነሱ የሚጠብቁት ተስፋ ቆርጠሽ እንድትተይው ነው።” ከዚያ ማንም ባለሥልጣን ያልነገረኝን ነገረችኝ። እምቢ ከተባልሽበት ቀን ጀምሮ ይግባኝ ለማለት 180 ቀን አለሽ። ገና ላልተሰጠ ሕክምና ከሆነ በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለባቸው። ያም እምቢ ከተባለ፣ ከኢንሹራንሱ ውጭ ያለ ገለልተኛ አካል እንዲያየው በ4 ወር ውስጥ መጠየቅ ይቻላል። ውሳኔውን የሰጡበትን ፋይልና መመሪያ ደግሞ በነፃ መላክ ግዴታቸው ነው።

መጀመሪያ ሰርጀኔ (ቀዶ ሐኪሜ) ከኢንሹራንሱ ሐኪም ጋር በስልክ ተነጋገረ። እሱም አልሆነም። መመሪያውን በጽሑፍ ጠየቅኩ። ሲመጣ ገልብጠን ገልብጠን አየነው። ስለ ቪዲዮ አንድም ነገር የለበትም። የሚለው በየወሩ ክብደት በሕክምና መዝገብ ላይ ይስፈር ብቻ ነው።

የሒሳብ ቢሮዋ ልጅ ጥያቄ ጠየቀችኝ። “በዚያ ወር ሌላ ሐኪም ጋ ሄደሻል? ማንኛውም ሐኪም?” አሰብኩ። የደም ግፊት መድኃኒቴን ለማሳደስ የቤተሰብ ሐኪሜ ጋ ሄጄ ነበር። እዚያ ደግሞ ገና በሩን ሳታልፊ ነው የሚመዝኑሽ! በማግስቱ መዝገቡን አወጣሁ። ክብደት፣ ቀን፣ የነርሷ ስም። ያውም ሐኪሙ ሥር ላይ “ስለ አመጋገብ ተመካክረናል” ብሎ ጽፏል። ይህን ጥያቄ ደመወዝ የሚከፈላት የክሊኒኳ ሴት መጠየቅ አቅቷት፣ ቡና እየጠጣች ያለች ሴት ጠየቀችኝ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ይግባኙን እዚያው ጻፍነው። የመጀመሪያው ረቂቄ ለቅሶ ነበር። ስለ ጉልበቴ፣ ስለ ልጆቼ፣ ስለ እንቅልፌ። እትዬ “ይሄን ለንስሐ አባትሽ ንገሪ፣ እዚህ ላይ ሰርዢው” አሉኝ። የቀረው አንድ ገጽ ነው። የመመሪያው ቃል፣ የወሩ መዝገብ፣ የሰርጀኑ ደብዳቤ። በአደራ ፖስታ ላክነው፣ ደረሰኙን ያዝን። ፈቃዱ መጣ። ይቅርታ የሚል ቃል አልነበረበትም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሮጠ። ከኦፕራሲዮኑ በፊት ጉበት እንዲያንስ ለሁለት ሳምንት በአብዛኛው ፈሳሽ ነው የሚወሰደው፤ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ይከብዳሉ፣ ከዚያ ይለመዳል። ቡና አቁሚ የሚለው ወረቀት የመጣልኝ አንድ ሳምንት ሲቀረኝ ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ለምትጠጣ ሴት አንድ ሳምንት አይበቃም፤ ራስ ምታቱ ያሳብዳል። ከወር በፊት ከበረካው ጀምረሽ ቀንሺ።

ሆስፒታሉ “ለቤተሰብ ሁሉ ንገሪ፣ ድጋፍ ያስፈልግሻል” ይላል። እኔ አልስማማም። ለባሌና ለአንድ እህቴ ብቻ ነው የነገርኩት። ለእናቴ ከወጣሁ በኋላ በስልክ ነገርኳት፤ ቀድማ ብታውቅ ኖሮ አገሩን ሁሉ በስእለት ትሞላው ነበር። መካን ያደርጋል የሚሉሽንም አትስሚ። ነገሩ ተቃራኒ ነው። ክብደት ሲቀንስ የማርገዝ ዕድል ይጨምራል፤ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ከ12 እስከ 18 ወር ግን እንዳታረግዢ ይመከራልና መከላከያሽን ቀድመሽ ተነጋገሪ። በሦስተኛው ወር ገደማ ፀጉሬ ረገፈ። ሴቶቹ አስቀድመው ስለነገሩኝ አልደነገጥኩም፤ ተመልሶ በቅሏል። ቫይታሚኑ ግን የዕድሜ ልክ ነው።

አሁን እትዬ ቤት አዲስ የመጣች ልጅ አለች። ከስድስቱ የክትትል ወራት ገና ሦስተኛዋ ላይ ናት። ባለፈው ሳምንት በረዶ ሊጥል ነው ተብሎ ክሊኒኳ ደወለላትና “ቀጠሮሽን በቪዲዮ እናድርገው?” አላት። ሥራ ቦታ እያለሁ ነው የደወለችልኝ። እምቢ በያቸው፣ በወሩ ውስጥ ሌላ ቀን አስይዢ፣ መኪና ከሌለሽ እኔ እወስድሻለሁ አልኳት። ሐሙስ ሄድን። ከሚዛኑ ስትወርድ የተጻፈውን በወረቀት አትማ እንድትሰጠን ነርሷን ጠየቅኳት። “ምን ያደርግላችኋል?” አለችን። አትሚልን ብቻ አልኳት።