ወንፊቱን ከመግዛቴ በፊት ግርዱን ባውቅ ኖሮ

የአጎቴ ልጅ ከሜሪላንድ ሲመጣ በሻንጣው የያዘልኝ ሁለት ነገር ነበር፦ አንድ ጥንድ ጫማና የአንድ ብር ሳንቲም የሚያህል ክብ መስታወት። ጫማው ልክ ሆነኝ።

መስታወቱ «የብርሃን ብክለት ፊልተር» የሚሉት ነው፤ ባለ 1.25 ኢንች። ያን ጊዜ ገርጂ፣ ቤታችን ጣሪያ ላይ፣ ባለ 72 ሚሊሜትር ቴሌስኮፕ ኋላ አንድ ያገለገለ የካኖን ካሜራ ገጥሜ የኦሪዮንን ኔቡላ፣ ማለትም ሰማይ ላይ ያለውን የሚያበራ የጋዝ ደመና፣ ለማንሳት እታገል ነበር። ካሜራውን ከ30 ሰከንድ በላይ ከከፈትኩት ምስሉ ሻይ በወተት ይሆናል። የከተማው ብርሃን ነው። ፊልተሩ ያንን ጠርጎ ያወጣልኛል ብዬ ነበር ያስመጣሁት።

ስገጥመው አራቱም ማዕዘን ጠቆረ፣ ከዋክብቱ አረንጓዴ አረንጓዴ አሉ፣ ወተቱ ግን ካለበት ንቅንቅ አላለም።

ምክንያቱን እስክረዳ ወራት ፈጀብኝ። ፊልተር ብርሃን አይጨምርም፤ ወንፊት ነው። ወንፊት ደግሞ የሚሠራው ዱቄቱና ግርዱ መጠናቸው ከተለያየ ብቻ ነው። የእኔ ዓይነቱ ፊልተር የተሠራው ለድሮዎቹ ብርቱካናማ የሶዲየም መብራቶች ነው፤ የእነሱ ብርሃን በብዛት 589 ናኖሜትር (የብርሃን ቀለም የሚለካበት የሞገድ ርዝመት) አካባቢ ስለሚከማች ያንን ቆርጦ መጣል ይቻላል። የእኛ ሠፈር የመንገድ መብራት ግን ነጭ ኤልኢዲ ሆኗል። ከሰማያዊ እስከ ቀይ ተበትኖ፣ ጤፍ ውስጥ እንደገባ አሸዋ ከኔቡላው ብርሃን ጋር ተደባልቆ ይመጣል። በዚያ ላይ ፋብሪካው ራሱ ካኖኑ ውስጥ፣ ብርሃኑን የሚቀበለው ሴንሰር ፊት የገጠመው ፊልተር የሃይድሮጅንን ቀይ ብርሃን፣ ማለትም 656.3 ናኖሜትሩን፣ አብዛኛውን ያግዳል። ጤፉን ደፍቼ አሸዋውን ነበር የማስቀረው።

ከዓመት በኋላ ገንዘብ ተጠራቅሞ ራሱን የሚያቀዘቅዝ ያገለገለ የቀለም ካሜራ ገዛሁ። ሴንሰሩ የሶኒው አይኤምኤክስ 533 ነው፤ 11.3 በ11.3 ሚሊሜትር የሆነ ካሬ። ደስታዬ አንድ ሌሊት ብቻ ቆየ። ከዋክብቱ በሙሉ አብጠው፣ ዙሪያቸውን ቀላ ያለ ጭጋግ ለብሰው ወጡ። ፎከስ ነው ብዬ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ቁልፉን ሳዞር አመሸሁ። ለካስ የዚህ ካሜራ መስኮት ነጸብራቅ እንዳይኖረው ብቻ የተቀባ መስታወት ነው፤ ዓይናችን የማያየውን ኢንፍራሬድ ያለከልካይ ያስገባል። የእኔ ቴሌስኮፕ በሌንስ የሚሠራ ስለሆነ ኢንፍራሬዱን ከሌላው ብርሃን ጋር አንድ ቦታ ላይ አይሰበስበውም። የሚታየኝ እብጠት ያ ነበር። መድኃኒቱ አልትራቫዮሌትና ኢንፍራሬድ የሚዘጋ ተራ ፊልተር ነው፤ ከሁሉም ርካሹ። ካሜራ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ጥያቄ «መስኮቱ ምን ያሳልፋል?» መሆን አለበት እላለሁ። እኔ ስንት ሜጋፒክስል እንደሆነ ነበር የጠየቅሁት።

ቀጥሎ ባለ ሁለት መስመሩን ፊልተር ያዝኩ። ይህ ከመላው ብርሃን ሁለት ቀጫጭን ሰንጥቅ ብቻ ነው የሚያሳልፈው፦ የሃይድሮጅኑን 656.3 እና የኦክስጅኑን 500.7 ናኖሜትር፤ የእኔ 7 ናኖሜትር ስፋት አለው። ኤልኢዲው ምንም ቢበተን በሁለቱ ሰንጥቅ በኩል የሚሾልከው ጥቂት ነው፤ ኔቡላው ግን ብርሃኑ በዋናነት እዚያው ላይ ነው። በቀለም ካሜራ ሃይድሮጅኑ ቀዩ ፒክስል ላይ፣ ኦክስጅኑ አረንጓዴውና ሰማያዊው ላይ ስለሚያርፍ በአንድ ጊዜ ሁለቱንም ታነሳለህ። በፊት በ30 ሰከንድ የሚነጣው ሰማይ አሁን 300 ሰከንድ ይችላል። ጋላክሲ ላይ ግን አትሞክረው። ጋላክሲ የከዋክብት ብርሃን ነው፣ እንደ ኤልኢዲው በሁሉም ቀለም የተበተነ፣ ስለዚህ አብሮ ይወድቃል። አንድሮሜዳን ስፈልግ ዕቃዬን ጭኜ ሰንዳፋ ዘመድ ቤት አድራለሁ።

አሁን ወደ መግጠሙ፤ ጊዜዬን የበላው እሱ ነው።

በመጀመሪያ መጠን። ሻጮች ሁሉ «2 ኢንቹን ግዛ፣ ለወደፊት ይሆንሃል» ይሉሃል፤ ዋጋው ግን ጭማሪው ቀላል አይደለም። እኔ እስክሪብቶ አነሳሁ። የሴንሰሩ ሰያፍ 16 ሚሊሜትር ነው። የቴሌስኮፔ የትኩረት ርቀት 430 ሚሊሜትር ነው፤ ለአፉ ስፋት፣ ለ72፣ ሲካፈል 6 ይሆናል። ብርሃኑ ወደ ሴንሰሩ እየጠበበ ነው የሚመጣው፤ በየ6 ሚሊሜትሩ 1 ሚሊሜትር። ፊልተሩ ከሴንሰሩ 30 ሚሊሜትር ያህል ፊት ከተቀመጠ፣ 30ን ለ6 ሳካፍል 5፤ 16 ሲደመር 5፣ 21 ሚሊሜትር። ባለ 1.25 ኢንቹ ፊልተር ውስጡ 26 ሚሊሜትር ገደማ ክፍት ነው። ይበቃል! ያ በካኖኑ ላይ ማዕዘን ያጠቆረብኝ መጠን ማለት ነው። የካኖኑ ሴንሰር ሰያፍ ብቻውን 27 ሚሊሜትር ይሆናል፤ ፊልተሩ ደግሞ ከካሜራው አፍ ወዲያ፣ ከሴንሰሩ በጣም ርቆ ነበር የተቀመጠው። ስለዚህ ስፋቱን የሚወስነው ሴንሰሩና ርቀቱ ነው።

ሁለተኛው ርቀት ነው። ምስሉን እስከ ጠርዝ የሚያስተካክለው ሌንስ ከእሱ እስከ ሴንሰሩ 55 ሚሊሜትር ይፈልጋል። ካሜራው በራሱ 17.5 ሚሊሜትር አለው፤ የፊልተሩ መሳቢያ 21፣ ማያያዣው ቀለበት 16.5። ድምሩ ልክ 55። ኩራቴ! በምስሉ ላይ ግን የጠርዝ ከዋክብት እንደ ሩዝ ፍሬ ተዘርግተው ወጡ። የረሳሁት መስታወቱን ነበር። ብርሃን መስታወት ውስጥ ሲያልፍ የሚሰበሰብበት ነጥብ የመስታወቱን ውፍረት አንድ ሦስተኛ ያህል ወደ ኋላ ይሸሻል። የእኔ ፊልተር 2 ሚሊሜትር ነው፤ ስለዚህ 0.7 ሚሊሜትር ያህል ጎድሎኛል። ለዚህ የሚሆን ስስ ቀለበት አዲስ አበባ ውስጥ ከየት ይገኛል? ጊዜው ያለፈበት የባንክ ካርዴን በካሊፐር ስለካው 0.76 ሚሊሜትር ሆነ። በኮምፓስ ከብቤ፣ በመቀስ ቆርጬ፣ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ በሁለቱ ቀለበቶች መሀል አስገባሁት። እስካሁን እዚያው ነው።

ሦስተኛው ፊትና ጀርባ። ፊልተር ሁለት ፊት እንዳለው ያወቅሁት ከኦሪዮን ቀበቶ ሦስት ከዋክብት ምሥራቃዊው፣ አልኒታክ፣ ዙሪያ እንደ ሥዕል ቤት አክሊል ያለ ትልቅ ክብ ብርሃን ሳይ ነው። የፈረስ ራስ የሚባለው ኔቡላ እዚያው አጠገቡ ስለሆነ አክሊሉ እላዩ ላይ ተደፋበት። ፊልተሩን አውጥቼ መብራት ላይ ብይዘው አንዱ ፊት እንደ መስታወት ያብረቀርቃል፣ ሌላው ደብዘዝ ይላል። የሚያብረቀርቀውን ወደ ሰማይ አዞርኩት። አክሊሉ ሙሉ በሙሉ ባይጠፋም ፈዘዘ። ባገኘው ቦታ ሁሉ ሁለት ፊልተር ደርቦ የመግጠም ልማዴንም ያን ቀን ተውኩት፤ መስታወት በበዛ ቁጥር ነጸብራቁ ይበዛል፣ ጥሩ ባለ ሁለት መስመር ፊልተር ደግሞ ኢንፍራሬዱን ራሱ ይዘጋል። የሚያሳልፈውን የሚያሳየውን ሥዕላዊ መስመር ከመግዛትህ በፊት እስከ 1000 ናኖሜትር ድረስ ተመልከት።

በኅዳር ብርድ የፊልተሩ ጥርስ ተነካክሶ አልፈታ ካለ በጣት ጨምቆ መታገል ያባብሰዋል፤ ቀለበቱ ይጣመማል። ፊቱን የላስቲክ ነጠላ ጫማ ሶል ላይ በስሱ ተጭኖ ማዞር ይፈታዋል።

አቧራ ግን አይቀርም። ለእሱ ሁልጊዜ ፊልተሩ እንደተገጠመ፣ ፎከሱ ሳይነካ፣ አንድ ዓይነት ብርሃን ያለው ነጭ ነገር ፎቶ አንስቼ የዋናውን ምስል ጥላ አስተካክልበታለሁ። ነጭ ነገሩ የእናቴ ነጠላ ነው፤ እጥፍ አድርጌ ቴሌስኮፑ አፍ ላይ በላስቲክ አስራለሁ፣ ከዚያ የማለዳውን ሰማይ አነሳለሁ። «አንተ ልጅ፣ ደግሞ ነጠላዬን ለዚያ መድፍህ አለበስከው?» ትለኛለች። ይህ ነጭ ምስል ለእያንዳንዱ ፊልተር ለየብቻ መነሳት አለበት፤ የአንዱ ለሌላው አይሆንም። የአቧራው ጥላ የት እንዳለም ይናገራል። ትልቅና ደብዛዛ ቀለበት ከሆነ አቧራው ፊልተሩ ላይ ነው፤ 30 ሚሊሜትር ለ6 ሲካፈል 5 ሚሊሜትር፣ ከሴንሰሩ ስፋት ግማሽ ሊሆን ምንም አይቀረው። ትንሽና ጥርት ያለ ከሆነ የካሜራው መስኮት ላይ ነው። ይህን ሳላውቅ ንጹሑን ፊልተር ስፈገፍግ ስንት ምሽት አልፏል።

ድካሙን የከፈለኝ መጋቢት ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች የሰሜን ኮከብ ከጎረቤት ቆርቆሮ ዝቅ ብሎ ይደበቅብኛል፤ ይህን ስረግም ኖሬያለሁ። በዚያው ልክ ግን ደቡቡ ይከፈታል። ከምሽቱ 5 ሰዓት ገደማ የካሪና ኔቡላ በደቡብ በኩል 21 ዲግሪ ያህል ከፍ ይላል። የአጎቴ ልጅ ካለበት ሜሪላንድ ፈጽሞ አይወጣም። ያን ያህል ዝቅ ሲል የከተማው ብርሃን ሁሉ ያለው እዚያው አቅጣጫ ስለሆነ ያለ ፊልተር ግራጫ ነገር ብቻ ነው የማየው። በባለ ሁለት መስመሩ፣ ባለ 300 ሰከንድ 24 ምስሎች ደርቤ ስከፍተው ቀዩ መሀል ለመሀል በጥቁር ጭስ ተሰንጥቆ፣ ውስጡ ሰማያዊ አረንጓዴ ሆኖ ወጣ። ለአጎቴ ልጅ ላክሁለት። «ይሄ ከገርጂ ነው?» ብሎ ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ።

ለፋሲካ ይመጣል። አሁን የቀረኝ የሰልፈሩ መስመር ነው፣ 672 ናኖሜትር አካባቢ። ዘንድሮ የላክሁለት መልእክት የጫማ ቁጥር የለውም፤ «1.25 ኢንች፣ ውፍረቱ 2 ሚሊሜትር፣ ከሌላው ጋር እኩል» ብቻ ነው የሚለው።