የፔሌት ምድጃን ከስልክ ማዘዝ፦ ሶኬቱን ተዉት፣ ምድጃውን ጠይቁት

የፔሌት ምድጃን፣ ማለትም የተጨመቀ ሰጋቱራ የሚያነድደውን ማሞቂያ፣ በስማርት ቴርሞስታት (ከስልክ በሚታዘዝ የሙቀት መቆጣጠሪያ) ከሩቅ መቆጣጠር ይቻላል። እንዲያውም በጣም ደስ ይላል። ከሥራ ስትወጡ ስልካችሁን ነካ ታደርጋላችሁ፣ ቤት ስትደርሱ ክፍሉ ሞቆ ይጠብቃችኋል። እኔ አሁን ያለዚህ ነገር ብርዱን ማሰብ አልፈልግም።

ግን ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ልበላችሁ። ምድጃውን ስማርት ሶኬት ላይ ሰክታችሁ መብራቱን እየቆረጣችሁና እየለቀቃችሁ ለመቆጣጠር እንዳትሞክሩ። ርካሽ ስለሆነ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው እሱን ነው። አደገኛም እሱ ነው።

ለምን እንደሆነ ለመረዳት ምድጃው ሲነሳ አጠገቡ ቆሞ ማየት ይበቃል። የመነሻ ትእዛዝ ሲደርሰው መጀመሪያ የጭስ ማውጫው ፋን እምም ይላል። ከዚያ ከማጠራቀሚያው ሳጥን ሥር ያለው ጠመዝማዛ ብረት ቀስ እያለ እየዞረ ፔሌቱን ወደ ማቃጠያው ጣሳ ማንጠባጠብ ይጀምራል። ፔሌቱ ብዙውን ጊዜ 6 ሚሊሜትር ውፍረት አለው። የኤሌክትሪክ ማቀጣጠያው ይግላል፣ ጭስ ይታያል፣ ከደቂቃዎች በኋላ ነበልባሉ ብልጭ ይላል። ክፍሉን የሚያሞቀው ሁለተኛው ፋን የሚነሳው ብረቱ ከጋለ በኋላ ነው። ሲጠፋም እንደዚሁ በሥርዓት ነው፦ ፔሌት መውረዱ ይቆማል፣ ጣሳው ውስጥ የቀረው ተቃጥሎ እስኪያልቅና ምድጃው እስኪቀዘቅዝ ድረስ ግን ፋኖቹ ሥራቸውን አያቆሙም።

እንግዲህ መሀል ላይ መብራቱን ቁረጡበት። ፋኑ ይሞታል፣ እሳቱ ግን አልሞተም። ጭሱን ገፍቶ የሚያወጣው ነገር ስለሌለ ወደ ክፍሉ ሊመለስ ይችላል፣ ባስ ሲልም እሳቱ ፔሌቱ በሚወርድበት መንገድ ወደ ማጠራቀሚያው ሊሳብ ይችላል። በዚያ ላይ ብዙዎቹ ምድጃዎች መብራት ሄዶ ሲመጣ በራሳቸው አይነሱም፣ ማስጠንቀቂያ አሳይተው ቁጭ ይላሉ። ስለዚህ ሶኬቱ ለማብራትም አይረባችሁም።

ትክክለኛው መንገድ የቴርሞስታት መግቢያው ነው። አብዛኞቹ ምድጃዎች ከኋላቸው ወይም ውስጣቸው ባለው የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ላይ ለክፍል ቴርሞስታት የተሰናዱ ሁለት ትንንሽ የገመድ ማሰሪያዎች አሏቸው። ሁለቱ ገመዶች ሲገናኙ ምድጃው «ሙቀት ተፈልጓል» ብሎ ይረዳል፣ ሲለያዩ «በቃ» ይላል። መቼ ፔሌት እንደሚያወርድ፣ መቼ ፋን እንደሚያቆም የሚወስነው ራሱ ነው። እኔ የምወደው ይሄን ነው፤ ቴርሞስታቱ ይጠይቃል፣ ምድጃው ይፈጽማል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ። ይህ መግቢያ አብዛኛውን ጊዜ «ድራይ ኮንታክት» የሚሉት ዓይነት ነው፣ ማለትም ምንም ቮልት ሊገባበት አይገባም። አንዳንድ ቴርሞስታት 230 ቮልት ያወጣል። እሱን በቀጥታ ካሰራችሁት ቦርዱ ተቃጠለ ማለት ነው። 24 ቮልት የሚፈልግ ቴርሞስታት ካላችሁ ደግሞ የራሱ ትራንስፎርመርና መሀል ላይ የሚለያያቸው ሬሌይ (በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ) ያስፈልጋል። በባትሪ የሚሠራና ቮልት የማያወጣ ደረቅ ሬሌይ ያለው ብትገዙ ከዚህ ሁሉ ጣጣ ትገላገላላችሁ። የምድጃውን መመሪያ ሳታነቡ፣ ሶኬቱንም ሳትነቅሉ ክዳኑን አትክፈቱ። በራሳችሁ እርግጠኛ ካልሆናችሁ ኤሌክትሪሺያን አስመጡ።

ገመዱ ካለቀ በኋላ ሰው የሚረሳው ነገር ልዩነቱን፣ ማለትም ቴርሞስታቱ በሚያበራበትና በሚያጠፋበት ሙቀት መካከል ያለውን ክፍተት፣ ማስተካከል ነው። ብዙ ቴርሞስታት የሚሠራው ለጋዝ ማሞቂያ ታስቦ ስለሆነ ሙቀቱ በግማሽ ዲግሪ እንኳ ሳይወርድ አብራ፣ ትንሽ ከፍ ሲል አጥፋ ይላል፣ የፔሌት ምድጃ ግን ለመነሳትም ለመጥፋትም ጊዜ የሚወስድ ነገር ስለሆነ እንዲህ ሲያመላልሱት ማቀጣጠያው ቶሎ ያልቃል፣ ጣሳውም በደንብ ባልነደደ ፔሌት ይቆሽሻል። ከ1 እስከ 1.5 ዲግሪ ልዩነት ስጡት። ምድጃችሁ ከመጥፋት ይልቅ ወደ ዝቅተኛ ነበልባል የሚወርድበት አሠራር ካለው፣ ብርዱ ጠንካራ ሲሆን እሱን ምረጡ። ቀኑ ለስለስ ሲል ሙሉ በሙሉ እንዲጠፋ አድርጉት። ቴርሞስታቱ የምድጃው ትኩስ አየር በቀጥታ የማይነፍስበት፣ ፀሐይ የማያርፍበት ግድግዳ ላይ ይሁን፣ ከወለል 1.5 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ።

ስልካችሁ የማያየው ነገር አለ፤ ጣሳው። አመዱ ሲጠራቀምና ሲጋገር የአየር ቀዳዳዎቹን ይደፍናል፣ ፔሌቱ ይወርዳል እንጂ አይቀጣጠልም። ስለዚህ ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት ጣሳውን ጥረጉ፣ ሳጥኑን ሙሉ፣ በሩ በደንብ መዘጋቱን እዩ። ካዘዛችሁ አንድ ሰዓት አልፎ የክፍሉ ሙቀት ንቅንቅ ካላለ አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው። ያን ጊዜ ደጋግማችሁ አትጫኑት። ያልነደደ ፔሌት ተቆልሎ እንደገና ሲለኮስ የታፈነው ጭስ በአንዴ ሊፈነዳ ይችላል። አጥፉትና ቤት ስትደርሱ፣ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ ጣሳውን በእጃችሁ ባዶ አድርጉ።

የካርቦን ሞኖክሳይድ (ሽታ የሌለው ገዳይ ጋዝ) ማስጠንቀቂያ የሌለው ቤት ውስጥ ከሩቅ እሳት ማንደድ እኔ አልመክርም። ቤት ውስጥ ልጆች ካሉ ደግሞ ከማብራታችሁ በፊት ደውሉላቸው፣ የምድጃው በር መስታወት ክፉኛ ያቃጥላል።

ኢንተርኔቱስ ሲጠፋ? ሰዓት የተሞላበት ፕሮግራም ቴርሞስታቱ ውስጥ መቀመጥ አለበት፣ ደመና ላይ (በኢንተርኔት በሚገኝ የኩባንያው ኮምፒውተር) ብቻ ከሆነ ተዉት። ከመግዛታችሁ በፊት ይህንን ጠይቁ። ምድጃችሁ አዲስ ከሆነ ደግሞ የራሱ የዋይፋይ ሞጁል እንዳለው አጣሩ። እሱ የብልሽት ኮዱን ስልካችሁ ላይ ሊያሳያችሁ ይችላል፣ በሁለት ገመድ የታሰረ ቴርሞስታት ግን ክፍሉ እንደቀዘቀዘ እንጂ ለምን እንደቀዘቀዘ አይነግራችሁም።