ጆ ሉዊስ ባይኖር ኖሮ

ሰሞኑን ከአእምሮዬ አልወጣ ያለው ጥያቄ፣ ጥቁር አሜሪካዊው ቡጢኛ ጆ ሉዊስ ወደ መድረክ ባይወጣ ኖሮ የከባድ ሚዛን ታሪክ ምን መልክ ይይዝ ነበር የሚል ነው። ነገሩ የተነሣው ሁላችንም ጋሼ ከምንላቸው አንድ የሰፈራችን አረጋዊ ጋር ስንጨዋወት ሲሆን፣ እርሳቸው የጠየቁኝ ስለ ሌላ ሰው ነበር፦ «እስቲ ልጄ፣ ሙሐመድ ዓሊን ከታሪኩ አውጣና የሚቀረውን ንገረኝ።» ዓሊ ቢወጣ የሚጎድለው ብዙ ነው። ሆኖም ዓሊ በ1964 ቀበቶውን ሲወስድ፣ ጥቁር ሰው የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን መሆኑ ማንንም የሚያስደንቅ ነገር አልነበረም። እንዲያ እንዲለመድ ያደረገው ሉዊስ ነውና መጉደሉ የሚያሳስበኝ የእርሱ ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ የእኛ ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።)

ስለ ሉዊስ ሲነሣ መጀመሪያ የሚጠቀሰው ቁጥሩ ነው። ከ1937 እስከ 1949 ቀበቶውን ሳይነጠቅ ማዕረጉን 25 ጊዜ አስጠብቋል፤ በከባድ ሚዛን እስከ ዛሬ የደረሰበት የለም። ቁጥሩ ቢፋቅ ግን ሌላ ቁጥር ይተካው ነበር። የማይተካው የከፈተው በር ነው፤ የመጀመሪያው ጥቁር የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ጃክ ጆንሰን በ1915 ሃቫና ላይ በጄስ ዊላርድ ከተሸነፈ በኋላ፣ ለ22 ዓመታት አንድም ጥቁር ቡጢኛ ለዚህ ማዕረግ እንዲጋጠም ዕድል አልተሰጠውም። የሉዊስ ማናጀሮች ጆን ሮክስቦሮና ጁሊያን ብላክ ይህን ስለሚያውቁ፣ ልጁ በወደቀ ተጋጣሚው ላይ እንዳይፎክር፣ ከነጭ ሴትም ጋር ፎቶግራፍ እንዳይነሣ አስጠንቅቀውት ነበር፤ ጆንሰን ከተጠላበት ነገር ሁሉ እንዲርቅ ማለት ነው። አንድ ወጣት በክንዱ ብቻ ሳይሆን በዝምታውም ጭምር እንዲያሸንፍ መገደዱ ያሳዝነኛል፤ ነገር ግን ያን ሁሉ ችሎ፣ በዚያ ላይ እንደ እርሱ በሁለቱም እጁ መጣል የሚችል ሌላ ሰው በዚያ ዘመን አይታየኝም።

ለእኔ ለጎንደሬው ደግሞ ነገሩ ከዚህም የቀረበ ነው። ጁን 25 ቀን 1935፣ በእኛ ሰኔ 18 ቀን 1927 ዓ.ም.፣ ሉዊስ ኒው ዮርክ በሚገኘው ያንኪ ስታዲየም የገጠመው የቀድሞውን የዓለም ሻምፒዮን ፕሪሞ ካርኔራን ነበር፤ የሙሶሊኒ መንግሥት የአዲሲቱ ጣሊያን ጉልበት ማሳያ አድርጎ ያቀረበውን፣ ከ115 ኪሎ በላይ የሚመዝነውን ግዙፍ ሰው። የፋሺስት ጦር ለወረራ በመሰናዳት ላይ ስለነበር፣ የአሜሪካ ጥቁሮች ጋዜጦች ግጥሚያውን የኢትዮጵያና የጣሊያን ግጥሚያ አድርገው ተመለከቱት። ሉዊስ በክብደት ከ25 ኪሎ በላይ የሚበልጠውን ሰው በ6ኛው ዙር ሦስት ጊዜ ጣለው፤ ዳኛውም ግጥሚያውን አስቆመ። ከሦስት ወር በኋላ ወረራው ተጀመረ። በመጋቢት 1928 ዓ.ም. ጎንደርን የያዘውን ጦር እየመራ የገባው አኪሌ ስታራቼ፣ የፋሺስት ፓርቲ ዋና ጸሐፊ ከመሆኑ ሌላ የጣሊያን ኦሊምፒክ ኮሚቴ ፕሬዚዳንትም ነበር። ይህን ካወቅሁ ወዲህ በፒያሳ፣ በዚያ ዘመን በተሠሩት የፖስታ ቤቱና የሲኒማ ቤቱ ሕንፃዎች አጠገብ ሳልፍ ካርኔራ ትዝ ይለኛል። ሉዊስ ባይኖር ያ የሰኔ ምሽት አይኖርም፤ ካርኔራም ወደ ማዕረጉ የሚመለስበት መንገድ ሳይዘጋበት፣ የሮማ ጋዜጦች ወራሪውን ጦርና ግዙፉን ቡጢኛ በአንድ ገጽ ያወድሱ ነበር። የሉዊስ ቡጢ ጦርነቱን እንዳላስቀረው አውቃለሁ፤ ጎንደር ነፃ የወጣችው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም.፣ ያውም በብዙ ደም ነው። ቢሆንም ታላላቆቹ መንግሥታት ፊታቸውን ባዞሩብን ሰዓት፣ በኒው ዮርክ የጥቁሮች ሰፈር በሃርለም ጎዳናዎች የእኛን ጉዳይ የራሱ አድርጎ የተደሰተ ሕዝብ መኖሩን አቅልዬ ማየት አልችልም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ለመገመት ጥንቃቄ ይጠይቃል። ሉዊስ ባይኖር ጀርመናዊው ቡጢኛ ማክስ ሽሜሊንግ ቀበቶውን ወደ በርሊን ይወስድ ነበር ማለት ይቀላል፤ ነገር ግን ሽሜሊንግን በ1936 ለማዕረጉ ያቀረበው ሉዊስን ራሱን በ12ኛው ዙር በዝረራ ማሸነፉ ስለሆነ፣ ሉዊስን ስናወጣ ያን ድል አብረን እናወጣለን። እንዲያም ሆኖ የቀድሞ ሻምፒዮን ነበር፤ በ1935ም ስቲቭ ሄማስንና ፓውሊኖ ኡዝኩዱንን አሸንፏልና በጊዜው ሻምፒዮን ከነበረው ከጄምስ ብራዶክ ጋር መጋጠሙ የሚቀር አይመስለኝም። ብራዶክ ሽሜሊንግን ትቶ ሉዊስን የመረጠው ገቢው ስለሚበልጥና ማናጀሩ ጆ ጉልድ፣ አዘጋጁ ማይክ ጄኮብስ ከከባድ ሚዛን ከሚያገኘው ትርፍ ለ10 ዓመት 10 በመቶ እንዲከፈላቸው ስለተደራደረ ነበር። ሉዊስ ከሌለ ድርድሩም የለም፤ ሂትለርም በ1937 የሚኩራራበት የዓለም ሻምፒዮን ያገኛል። ሽሜሊንግ የናዚ ፓርቲ አባል ያልነበረ፣ በ1938 ሁለት አይሁዳውያን ልጆችን ደብቆ ያተረፈ ሰው ስለሆነ ስሙን በክፉ ላነሣ አልሻም። ይሁን እንጂ ቀበቶውን ለብቻው እንዲታጠቀው የሚፈቅድለት መንግሥት አልነበረውም። ሉዊስ በጁን 1938 በ124 ሴኮንድ የጨረሰው የመልስ ግጥሚያም አይኖርም፤ ጦርነቱ ሲመጣ ማዕረጉ ከጠላት አገር ተይዞ ይቀር ነበር።

ጋሼ ይህን ሁሉ ከሰሙ በኋላ፣ «ታዲያ ሌላ ጥቁር አይወጣም ኖሯል?» አሉኝ። ሰውማ ይወጣ ነበር። ጀርሲ ጆ ዎልኮት ከሉዊስ ጋር በአንድ ዓመት፣ በ1914 የተወለደ ነው፤ በ1947 ሉዊስን ሁለት ጊዜ ጥሎ፣ ዳኞቹ ተከፋፍለው ድሉን ለሉዊስ ሰጡ፤ ቀበቶውን ያገኘው በ1951፣ በ37 ዓመቱ ነው። ሉዊስ ግን ሻምፒዮን ሆኖ ሳለ ለጥቁር ተጋጣሚዎች ዕድል አልነፈገም፤ በ1939 ጆን ሄንሪ ሉዊስን፣ በኋላም ዎልኮትን ገጥሟል። ችሎታ ብቻውን ምን ያህል እንደማይበቃ ጥቁሩ ቡጢኛ ሃሪ ዊልስ ምስክር ነው፤ የያኔውን ሻምፒዮን ጃክ ዴምፕሲን ለመግጠም ዓመታት ጠብቆ፣ በ1925 ውል እስከ መፈራረም ደርሶ፣ ግጥሚያው ሳይደረግ ዕድሜው አለፈ። ለጋሼም የመለስሁላቸው ይህንኑ ነው፤ ሉዊስ ባይቀድማቸው ዎልኮትና ከሉዊስ ቀጥሎ ሻምፒዮን የሆነው ጥቁሩ ኢዛርድ ቻርልስ የዊልስ ዕጣ ይደርሳቸው ነበር ብዬ አምናለሁ።